ስድስተኛው ወጥመድ

በእውቀቱን ያገኘችው በዛች ናት። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አገሩ ሁሉ ገበያ ወጥቶ ቁልቋል በር ቀበሌ ጭር ባለችበት ሰዓት፣ ከአብዱራህማን የማንጎ ዛፍ ሥር የወደቀ ፍሬ ልትለቅም ጎንበስ ስትል እጅ አየች። እጁን በዓይኗ ተከትላ አንገት ላይ ደረሰች። አንገቱ በገጀራ ሦስት ጊዜ ተመትቶ ጭንቅላቱን የያዘው ቆዳ ብቻ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትዘረር ነበር። በዛች ግን ሰባት ወልዳ አራት የቀበረች ናት፤ መጀመሪያ ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነች፣ ከዚያ ጮኸች።

ሟቹ የወረዳው ግብርና የሰብል ተባይ ባለሙያ ነበር። በየሐሙሱ ከመካነ ሰላም በሞተር ወደ ቆላው እየወረደ ስድስት ወጥመድ ያያል። ወጥመድ ሲባል የጅብ አይደለም፣ የዝንብ ነው። ክዳን ያለው ቢጫ ባልዲ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ውስጡ መድኃኒት የተነከረ ጥጥ አለ፤ ሽታው ወንዱን የፍራፍሬ ዝንብ ይጠራዋል፣ ገብቶም ይሞታል። ይህች ዝንብ የአገራችን አይደለችም፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች መጤ ናት። ሴቷ በማንጎው ልጣጭ ሥር እንቁላሏን ትሰካለች፤ ላዩ ወርቅ የሚመስለው ፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ ትል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰውም ሞልቷል። በእውቀቱ የሞቱትን ዝንቦች ይቆጥራል፣ በደብተሩ ይጽፋል፣ ባልዲውን አራግፎ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰዉ «ዝንብ ቆጣሪው መጣ!» እያለ ይስቅበት ነበር። ቁጥሩ መናር ሲጀምር ሳቁ ቀረ። ዝንቧ የፈላችበት ማሳ ዛፉ ተቆርጦ ይቃጠላል የሚል ወሬ ወጣ።

ሬሳው የተገኘው በአብዱራህማን ማሳ ነው። ከሬሳው በላይ የተሰቀለው ስድስተኛው ወጥመድ ደግሞ በዝንብ ጢም ብሏል። ባለፈው ሰኞ በቀበሌው ስብሰባ አብዱራህማን ተነስቶ «ዛፌን ከምትቆርጥ አንገቴን ቁረጥ! ወላሂ ከሁለታችን አንዳችን እንቆረጣለን!» ሲል መቶ ጆሮ ሰምቷል። ለሞኝ ይህ ይበቃል።

ገበያተኛው ተመልሶ ሽማግሌውን አብዱራህማንን መስኖ ሲጠርግ አገኘው። ከቦዩ ጎትተው አወጡት። በዱላ፣ በድንጋይ፣ በጫማ መቱት፤ ሁለት የፊት ጥርሱ ረገፈ፣ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። በገዛ መጫኛው እጁን የፊጥኝ አስረው ወደ ቀበሌው መጋዘን ወረወሩት። የሟቹ ታላቅ ወንድም ይሄነው ክላሹን አንግቶ ከመካነ ሰላም ሲደርስ ሚሊሻዎቹ በሩን ዘግተው ቆሙበት። እሱም መጥረቢያ አነሳና ወደ አብዱራህማን ማሳ ወረደ። በእያንዳንዱ ምት የወንድሙን ስም እየጠራ፣ ፍሬ የተሸከሙ አሥራ አንድ የማንጎ ዛፎች ጣለ። ከዚያ ተመልሶ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀመጠ፤ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«ነገ ስድስት ሰዓት ወንድሜን እቀብራለሁ» አለ። «ከቀብር ስመለስ ይሄ ሰው ይሞታል። መሐል የገባም አብሮት ይሞታል።»

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ደም ለሚያስታርቁት ለአበጋሮቹ ስጥ አሉት። መሬት ላይ ተፋ።

ኢንስፔክተር ኑርጃን በሽር ከሳጅን አራጌ ጋር ማሳው የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የወረኢሉ ልጅ ናት፤ አጭር፣ ጠይም፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ሲያወራ አፉን ትታ እጁን የምታይ።

«ነገሩ እንኳ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር» አለ አራጌ። «ዛቻው ተሰምቷል፣ ሬሳው ማሳው ላይ ነው፣ ዝንቡም ይኸው።»

«አራጌ፣ ያለቀ የሚባለው የተቀበረ ብቻ ነው። ደሙ የት አለ?»

«የቱ ደም?»

«አየህ፣ አንተም አላገኘኸውም። ሦስት ጊዜ አንገቱን የተመታ ሰው መሬቱን ያጠጣል። እዚህ የፈሰሰው ለዶሮም አይበቃም።»

ቀና ብላ ወጥመዱን አየች። መሰላል ጠየቀች፤ የለም። ቦት ጫማዋን አውልቃ ዛፉ ላይ ወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ሱሪሽ ይተረተራል!» አለች በዛች ከሥር።

«ቢተረተር ከእርስዎ በቀር ማን ያያል እማማ?»

ባልዲው የተንጠለጠለበት ሽቦ በመቀስ ተቆርጦ አጥሯል፤ ጫፉ አዲስ ነው፣ ያበራል። ከቅርንጫፉ ጋር ያያያዘው ቀጭን የላስቲክ ቁራጭ ነው። የተጠቀለለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከታች ጀምሮ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ፣ ቆንጆ ሆኖ ወደ ላይ ወጥቷል። ቅርንጫፉን ጉንዳን ወርሮታል። አምስት ስድስቱ ብቻ በላስቲኩ ላይ ወርደው የባልዲውን አፍ ያሸታሉ። ባዶ አፋቸውን ናቸው፤ የተሸከመ የለም። ወጥመዱን አውርደው የሞቱትን ዝንቦች በነጠላ ላይ ዘርግተው ቆጠሩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

መጋዘኑ ውስጥ የአብዱራህማን ሚስት ፈይዛ የባሏን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«አብሽሩ አባባ» አለች ኑርጃን። «ገድለዋል?»

«ጥርሴን ነው ያወለቁት፣ አእምሮዬን አይደለም» አለ አብዱራህማን ደም እየተፋ። «ብገድለው ገዛ ማሳዬ ላይ አጋድሜው መስኖ ልጠርግ እሄዳለሁ?»

«ሰኞ ዝተውበታል።»

«ዝቻለሁ። እነዚያን ዛፎች አባቴ ነው የተከላቸው። ልጁ ግን ማግስቱን ቤቴ መጣ። ‹አባባ፣ የእርስዎ ወጥመድ ንጹህ ነው፤ ዛፍዎን ማንም አይነካም› አለኝ።»

«ማን ሰማ?»

«አላህና ፈይዛ።»

«ሁለታችንንም የሚጠይቀን አጣን» አለች ፈይዛ።

ኑርጃን ፈገግ አለች። «ሥራውን እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«ከኔ ዛፍ ይልቅ ለዝንብ ሬሳ ይጨነቃል። ሞተሩን በበዛች ደጅ ያቆማል። ከላይ ከአልታዬ ችግኝ ጣቢያ ጀምሮ እየቆጠረ፣ እያራገፈ ይወርዳል። እኔ ጋ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነች። ሽቦውን ደግሞ በየሳምንቱ ግራሶ ይቀባል።»

«ግራሶ ለምን?»

«ጉንዳን ግራሶ አይሻገርም። ካልቀባው ወርዶ የሞተውን ዝንብ ሁሉ ይለቅምበታላ! በሁለት ቀን ክንፍ ብቻ ይቀራል፤ ክንፍ አይበላም ጉንዳን።»

«ዝንቧ ከየት መጣች ይል ነበር?»

«ትሉ ከፍሬው ወርዶ አፈር ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ክንፍ አብቅሎ ይወጣል ይለኝ ነበር። ‹በፍሬ ብቻ ሳይሆን በአፈርም ትጓዛለች› ይላል። አላህ ይማረው፣ ጥሩ ልጅ ነበር። ሲጨቀጭቅ ነው እንጂ ጥሩ ልጅ ነበር።»

ስትወጣ ይሄነው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ገዳዩን እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ባመጣልህስ?» አለችው።

«ገዳዩ ውስጥ ነው።»

«ባመጣልህስ ነው ያልኩህ።»

«ለሕግ ትሰጪዋለሽ እንጂ ለኔ አትሰጪኝም።»

«ጎሽ። ይህን ካወቅህ አእምሮህ ቤቱ ነው፤ አታስወጣው።»

ሽቅብ ወጡ። አምስተኛው፣ አራተኛው፣ ሦስተኛውና ሁለተኛው ወጥመድ ሽቦአቸው ግራሶ ጠግቧል። ውስጣቸው የሳምንቱ ዝንብ ደርቆ ተኝቷል። በአምስተኛው አሥራ ሁለት፣ በአራተኛው አርባ አንድ፣ በሦስተኛው ሰባ፣ በሁለተኛው ዘጠና ስድስት። አራጌ ቁጥሩን በእስኪርቢቶ መዳፉ ላይ እየጻፈ ወጣ፤ ወረቀት ማን ይዞ ይመጣል?

በበዛች ደጅ የሟቹ ሞተር እንደቆመ ነው።

«ጠዋት ማን አለፈ እማማ?»

«ማን ያልፋል፣ ገበያ ነው! ልጁ በሦስት ሰዓት ሞተሩን አቁሞ ‹እንደምን አደሩ› አለኝና ወደ ላይ ወጣ። የሁዜይፋ መኪና ከላይ መንገድ ላይ እንደ እብድ ጡሩንባውን ነፋ። ደግሞ ያ አልታዬ አህያውን ጭኖ ሲወርድ አየሁት። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ ዛሬ ሰላምታ እንኳ ነፈገኝ። ሲመለስም እንዲሁ፣ አንገቱን ደፍቶ።»

«በጆሮዎ ላይ የሰኩት ምንድን ነው?»

«በሶብላ ነዋ! ሬሳ የነካ እጅ ይሸታል፤ ምን ላድርግ፣ ሽቶ የለኝ።»

የፍራፍሬ ነጋዴው ሁዜይፋ አይሱዙውን ዋናው መንገድ ዳር አቁሞ ይቁነጠነጣል። የመኪናው ወለል ላይ ደም ደርቋል። አራጌ ደሙን ሲያይ እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«ፍየል ነው ወላሂ!» ጮኸ ሁዜይፋ። «ለዘመድ ሠርግ ያረድኩት ፍየል ነው!»

«ቆዳውስ?» አለች ኑርጃን።

ከወንበሩ ሥር ጎትቶ ጥቁር የፍየል ቆዳ ወረወረ። ሽታው አራጌን ወደ ኋላ መለሰው።

«በዝንቧ የተነሳ ኬላው ከተዘጋ መኪናህ ይቆማል፤ ልጁን ትጠላዋለህ ይላሉ።»

«እጠላዋለሁ። ጥላቻ ወንጀል ነው እንዴ? እሱ ሲሞት እኔ ወረኢሉ ኬላ ነበርኩ።» ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ከወረኢሉ ቁልቋል በር በሩብ ሰዓት የሚደርስ አሞራ ብቻ ነው። በዛች የሰማችው ጡሩንባ ሲመለስ የነፋው ነው።

አልታዬን ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሥራ ላይ አገኙት። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ንጹሕ ሰው ነው፤ አዲስ የታጠበ ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። የጣፋጩን ማንጎ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ያጣብቃል። በአገሩ ይህን እጅ የሚያህል እጅ የለም፤ የቁልቋል በር ማንጎ ግማሹ የሱ ልጅ ነው። ሲሠራ እያወራ፣ ሲያወራ እየሠራ ነው።

«ምን ልርዳሽ ልጄ? ያሳዝናል። አብዱራህማን ቁጡ መሆኑን አውቃለሁ፣ እዚህ ይደርሳል ብዬ ግን—»

«ጠዋት በእውቀቱ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ቆጥሮ ሄደ። ወጥመዱ ያው እዚያ ግንድ ላይ ነው። ሦስት ዝንብ! እኔ ንጽህና እወዳለሁ።»

ኑርጃን ባልዲውን አየች። በእርግጥ ሦስት ዝንብ ነው። ሽቦው አጭር ነው፤ ያሰረው ላስቲክ ነው። ዞር ዞር ብላ ችግኞቹን ተመለከተች። የጣቢያው መሬት እንደ አገሩ ሁሉ ጥቁር መረሬ ነው። በጥግ የተደረደሩት ሁለት መቶ ያህል ችግኞች ከረጢት ግን ቀይ አፈር ይዟል። ከመደዳው ጀርባ ደግሞ ችግኝ የሌለበት መሬት በውሃ ርሷል።

«ቆንጆ አፈር ነው። ከየት ነው የሚያመጡት?»

«እዚሁ ነው። ጥቁሩን ከፍግና ከአሸዋ ጋር እቀላቅላለሁ። አሸዋውን በአህያ ከወንዝ አስወጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ መንገዱ ባዶ ስለሆነ ይመቸኛል።»

ላስቲክ ከኪሱ መዘዘ። የተጣበቀውን ቦታ ከታች ጀምሮ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ወደ ላይ ጠቀለለው።

«ለምን ከታች ወደ ላይ?» አለች ኑርጃን እንደ ልጅ።

አልታዬ ደስ አለው። ሙያውን ለጠየቀው ሰው ሙያተኛ ነፍሱን ይሰጣል። «የሣር ቤት ክዳን አይተሽ አታውቂም? ከታች ካልጀመርሽ ዝናቡ በድራቡ መሐል ይገባል። ሌላው ሰው እንደ ቁስል ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጠቀልላል፤ ይበሰብስበታል። በዚህ ቀበሌ ይህን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

«እርስዎ ብቻ?»

«እኔ ብቻ» አለ በኩራት።

አርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል ኑርጃን ሁሉንም ችግኝ ጣቢያው አስጠራች። «ጥላ አለው» ነው ያለችው። አብዱራህማን እጁ እንደታሰረ በሁለት ሚሊሻ መሐል መጣ። ፈይዛ ከኋላው ናት። ሁዜይፋ፣ በዛችና የቀበሌው ሰው አጥር ለአጥር ተደረደረ። ይሄነው ክላሹን አልፈታም፤ መቃብሩ ተቆፍሮ እየጠበቀው ነው። ሁለቱ ቢጫ ባልዲዎች በፌስታል ተቋጥረው ከትልቁ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። አልታዬ ኩታውን ተከናንቦ ከፊት ተቀመጠ። ለለቅሶ ያለ ኩታ የሚመጣ ጨዋ የለምና።

«ሁለት ሰዓት ከግማሽ አለሽ» አለ ይሄነው።

«ግማሹም ይበቃኛል» አለች ኑርጃን። «ወንድምህ የሞተው ሬሳው በተገኘበት ቦታ አይደለም፤ ደም የለም። በአብዱራህማን እጅ እንዳልሞተ ደግሞ የሚናገረው የገዛ ሥራው ነው። ከላይ ጀምሮ እየቆጠረ፣ እያራገፈ ይወርዳል፤ አብዱራህማን ጋ የሚደርሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። እማማ በዛች ያገኘችው ረፋድ ነው። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን ወጥመዶች ሄጄ አየሁ፤ የሳምንቱ ዝንብ እንዳለ ነው፤ አንዱም አልተራገፈም። ስለዚህ ልጁ ከአንደኛው አላለፈም።»

ሰዉ ወደ አንደኛው ዛፍ፣ ከዚያም ወደ አልታዬ ዞረ።

«ቁጥሩን ስሙ» ቀጠለች። «ከሁለተኛው ወደ ታች ዘጠና ስድስት፣ ሰባ፣ አርባ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እየሳሳ፣ እየሳሳ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ በድንገት አራት መቶ አሥራ ሁለት! መጀመሪያው ላይ ደግሞ ሦስት! ምንጩ ደርቆ ወንዙ ይሞላል እንዴ? ባልዲዎቹ ቢቀያየሩ ግን ነገሩ ይቃናል፤ አራት መቶው እዚህ፣ ሦስቱ እዚያ።»

«ጉንዳን በልቶብኝ ይሆናል» አለ አልታዬ በእርጋታ። «የኔ ዝንብ ያነሰው ለዚያ ነው።»

«ጉንዳን ክንፍ አይበላም። ባልዲዎ ውስጥ ትርፍ ክንፍ የለም።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ልጁ ሽቦውን ሁሉ ግራሶ ይቀባል። ሁለቱ ባልዲዎች ብቻ ሽቦአቸው ተቆርጦ በላስቲክ ታስረዋል፤ ግራሶው ከተቆረጠው ሽቦ ጋር ቀርቷል። ስድስተኛው ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ተሰቅሎ ቢሆን ጉንዳኑ አንድ ዝንብ አያስቀርም ነበር። እኔ ስወጣ ግን ገና መንገድ እየጀመረ ነበር። ባልዲው የተሰቀለው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ላስቲኩ ደግሞ ከታች ወደ ላይ እንደ ሣር ክዳን ተደርቧል። አያ አልታዬ፣ ይህን የሚያውቅ ማን ነው አሉኝ?»

ዝንብ የአልታዬ ኩታ ጫፍ ላይ አረፈ። አራገፈው። ሁለት መጡ።

«አህያውስ!» በዛች ከኋላ ጮኸች። «ውይ እኔን ይድፋኝ! አሸዋ ሊጭን የሚወርድ አህያ ባዶውን ነው የሚወርደው! ጭኖ ወርዶ ባዶውን ወጣ፣ እኔ ደግሞ ሰላምታ ነፈገኝ ብዬ አኮርፋለሁ!»

«ፍግ ነው የጫንኩት!» አለ አልታዬ።

«ለማን?» አለች ኑርጃን።

በአልታዬ ኩታ ላይ አሁን ሰባት ስምንት ዝንብ ተደርድሯል፤ ሲያራግፋቸው ተመልሰው እዚያው ቦታ ያርፋሉ።

«ዝንብ ነው የምታስመሰክሪብኝ?» ሳቀ፤ ሳቁ ደረቅ ነበር። «በበዛችም ጆሮ ላይ አርፏል፣ እያት!»

እውነትም በበዛች በሶብላ ላይ አንድ ሁለት ያንዣብባል።

«በሶብላ ይወዳሉ፣ ሽታው መድኃኒቱን ይመስላል» አለች ኑርጃን። «እርስዎ የቱን በሶብላ ሰክተዋል? ባልዲውን ሰው እንዳያይብዎት ኩታዎ ሥር ይዘው ወረዱ፤ ጥጡ ነካው። ደሙን በሳሙና አጠቡት። የመድኃኒቱ ሽታ ግን ለእኛ አፍንጫ ነው እንጂ ለዝንቡ አልታጠበም።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ? ምን በደለኝ?»

«ጥቁር መሬት ላይ ቀይ አፈር አለዎት። እነዚያ ሁለት መቶ ችግኞች ተመርምረው አልገቡም፤ ከሩቅ አገር ከነአፈራቸው በድብቅ ነው የመጡት። ዝንቧ አፈሩ ውስጥ ተኝታ መጣች። ልጁ ሐሙስ ጠዋት አራት መቶውን ቆጠረ፣ አፈሩን አየ፣ ገባው።»

ሳጅን አራጌ አካፋውን የራሰው መሬት ላይ ሰካ። አንድ ክንድ ሳይቆፍር ብረት ነካ። ገጀራው ደም በደረቀበት ማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ወጣ፤ ከሥሩ የበእውቀቱ ደብተር። ኑርጃን ከባለፈው ሳምንት ገጽ ጀምራ አነበበች፤ የመጨረሻው መስመር ላይ «አንደኛ ወጥመድ፦ 412» ይላል፤ ከዚያ በታች ወረቀቱ በደም ተጣብቋል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

«እሁድ በሕዝብ ፊት ልናገር ነው አለኝ!» አልታዬ ተነሳ፤ ድምፁ ተቀየረ። «ለምኜው ነበር፣ ጉልበቱን ይዤ! የናንተን ዛፍ ሁሉ ያበቀለች ይህች እጅ ናት! አርባ ዓመት ‹እጅህ ይባረክ› ያላችሁኝ ሰዎች ነገ ተባይ አመጣብን ብላችሁ ልትተፉብኝ! ባንድ ዝንብ ቆጣሪ!»

የማጣበቂያ ቢላውን ከቀበቶው መዘዘ። ኑርጃን ክንዷን ስታነሳ ስለቱ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተረተራት፤ ደሙ ቀዩ አፈር ላይ ተረጨ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰነዝር አብዱራህማን እጁ እንደታሰረ እንደ በሬ ተወርውሮ በግንባሩ ደረቱን መታው። ሁለቱም ችግኙ ላይ ወደቁ። አራጌ ቢላ የያዘ እጁን በአካፋ መታ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ።

ያኔ ይሄነው ክላሹን አቀባበለ።

«ዞር በሉ!»

አብዱራህማን ግን ከአልታዬ ላይ አልተነሳም። ሊያድነው አይደለም፤ እጁ ታስሮ መነሳት አቅቶት ነው። ይሄነው ለማነጣጠር አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ኑርጃን በደም በተነከረ እጇ አፈሙዙን ሽቅብ ገፋችው። ጥይቱ ፌስታሉን በስቶ ቢጫውን ባልዲ አፈነዳው። አራት መቶ አሥራ ሁለት የሞተ ዝንብ በአልታዬ ፊት፣ በሽበቱ፣ በተከፈተ አፉ ላይ ዘነበ።

አልታዬ ይተፋል፣ ያቃስታል።

ፈይዛ የባሏን እስር በጥርሷ ፈታች። ከዚያ ሻርፗን ቀድዳ የኑርጃንን ክንድ ጥፍር አድርጋ አሰረች።

«ከላይ ወደ ታች ነው የጠቀለልሽው» አለች ኑርጃን እያቃሰተች።

«ቁስል ነው እንጂ ማንጎ ነሽ እንዴ?»

ይሄነው ክላሹ ከእጁ ተንጠልጥሎ ያልፈነዳውን ባልዲ ያያል።

«የሱ ነው?» አለ አብዱራህማንን ሳያይ። «ስንት ነበረበት?»

«ሦስት» አለች ኑርጃን። «ወንድምህ ደብተሩ ላይ ጽፎታል፤ ከሃያ በታች ከሆነ የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ መቅበር ነው፣ ዛፍ አይነካም። ባለፈው ሳምንትም ሁለት ነበር።»

ይሄነው ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ቁልቁል፣ ወደ ወንዙ፣ ጉቶዎቹ በፀሐይ ይታያሉ።

«አሥራ አንድ ነው፣ አትድከም» አለ አብዱራህማን። ታስሮ ባበጠ እጁ አፉን ጠረገ። «ሂድ፣ ወንድምህን ቅበር። እኔም እመጣለሁ፤ ላንተ ብዬ አይደለም፣ ለሱ ብዬ ነው። ከቀብር ስትመለስ ጠመንጃ አትያዝ፣ ባልዲ ያዝ። ጉቶ ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጣል።»

ይሄነው ክላሹን ለአራጌ አቀበለ።

«እስከ መቼ ነው የምቀዳው?»

«እስኪያቆጠቁጥ።»

«ካላቆጠቆጠስ?»

«እስክትሞት» አለ አብዱራህማን፤ ጫማውን ፈልጎ ወደ ቀብር ሄደ።